በአባቴ ክንድ የተሰቀለ ቀለበት

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሔዋን ጉርድ ሾላ አካባቢ ወዳለ አዳራሽ ይዛኝ ሄደች። ቡድኗ በአገር አቀፉ የቅርጫት ኳስ ሊግ ይጫወታል፤ የምትተዳደረውም በዚሁ ነው። ጨዋታው ሳይጀመር አንድ ሠራተኛ መሰላል ላይ ወጥቶ የቀለበቱን ከፍታ በብረት ሜትር ሲለካ አየሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ሔዋን ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀችኝ። ሰው መሀል ብዙ ማውራት አልወድም፤ ኋላ እነግርሻለሁ አልኳት። ይኸው ልንገራት።

አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ የካ ውስጥ በነበረ አንድ የክር ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ጠዋት ማሽን ላይ እንቆማለን፣ ከሰዓት ኳስ እንጫወታለን፤ ደሞዙ ለሁለቱም ነው። በዚያ ዓመት የሴቶች ቡድናችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጉ ውስጥ ገባ። አባቴ የዚያው ፋብሪካ አናጢ ነበር። ሴት ልጅ በቁምጣ ሰው ፊት መሮጧን አልወደደውም። አሰልጣኛችን ጋሽ ግርማ ቤት ድረስ መጥቶ ቢለምነው በመጨረሻ ፈቀደ፤ ፈቃዱ ግን ገደብ ነበረው።

"ዘንድሮን ተጫወቺ። ቡድናችሁ ከሊጉ ከወረደ ግን ኳሱ በዚያው ያበቃል" አለኝ።

እሺ አልኩ።

ስለ አባቴ ክንድ መናገር አለብኝ። ያኔ ጨርቅ የሚሸጠው ከክርን እስከ ጣት ጫፍ በክንድ እየተለካ ነበር። የአባቴ ክንድ ደግሞ በሰፈሩ የታወቀ ረጅም ነበር። እናቴ ያለ እሱ አቡጀዲ ገዝታ አታውቅም። በዓል ሲቃረብ ጎረቤቶችም ይዋሱት ነበር፤ እሱም ሥራ ፈትቶ ከሴቶቹ ኋላ ወደ ገበያ ይወርዳል። ደስ ይለው ነበር መሰለኝ።

ጋሽ ግርማ ከፋብሪካው ጀርባ ባለው ሜዳ ቀለበት እንዲያቆምልን ሲጠይቀው ከፍታውን በሜትር ነገረው። አባቴም ከእንጦጦ የወረደ ባሕር ዛፍ ልጦ፣ "ሜትር ማለት ሁለት ክንድ ነው" ብሎ በገዛ ክንዱ ለክቶ አቆመልን። ያማረ ሥራ ነበር።

ማለዳ ማለዳ የእንጦጦን ዳገት እንሮጣለን። ጤዛ የነካው የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ አፍንጫ ይከፍታል። እንጦጦ ማርያም ደጅ ስንደርስ ትንፋሻችን እስኪመለስ ቁጭ ብለን ከኪሳችን የገብስ ቆሎ እንቆረጥማለን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥሩ ነገር በልቻለሁ፤ እንደዚያ ቆሎ የጣፈጠኝ ግን ትዝ አይለኝም።

ግጥሚያ ስንሄድ ግን ኳሳችን ሁሉ ከቀለበቱ በላይ እያለፈ መሸነፍ ሆነ ሥራችን። ተመልካቹ፣ "እናንተ የእንጦጦ ልጆች፣ ለአሞራ ነው እንዴ የምትወረውሩት?" ይለናል። ጋሽ ግርማ ፍርሃት ነው አለ። የሰው ዓይን ነው ያሉም ነበሩ፤ ግማሾቻችን ጠበል ጠጣን።

አምበላችን ዘይነባ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት ቀለበታችን ሥር ቆማ ሽቅብ ስታይ ቆየች።

"ይሄን የሰቀለው ማነው?" አለችኝ።

"አባባ ነው።"

"በሜትር ለክቶ ነው በክንዱ?"

"በክንዱ።"

ዘይነባ መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "የኔ አባት እኮ ያንቺን አባት ከሩቅ ሲያየው ጣቃውን ጠቅልሎ ነው የሚደብቀው" አለች። ከዚያ ከአባቷ ሱቅ ሜትር አምጥታ ለካችው። ቀለበታችን ከሚገባው በላይ አንድ ስንዝር አልፎ ተሰቅሏል።

አሁን ለአባቴ ማን ይንገረው? ጋሽ ግርማ አንዴ ስለ ቁምጣው ለምኜዋለሁ፣ ደግሞ ሥራህ ተሳስቷል ልለው ነው ብሎ እምቢ አለ። እኔም ፈራሁ። አባቴ ከተቀየመ መጫወቴ ያበቃል፤ ቡድኑ ከወረደም ያበቃል። መላውን ያመጣችው ዘይነባ ናት። ቀለበቱ ካልወረደ እኛ እንውጣ አለች። ከዳገቱ ሥር በጆንያ አፈር እየተሸከምን፣ እየዘፈንንና እየረገጥን፣ ቀለበቱ ፊት ያለውን መሬት ስንዝር ከምናምን ከፍ አደረግነው። የበልግ ዝናብ ጀምሮ ስለነበር፣ አባቴ አፈሩ ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ጭቃ አስቸግሮን ነው አልኩት።

ከዚያ በኋላ ማሸነፍ ጀመርን። ሊጉ ውስጥ ለመቅረት ወይም ለመውረድ የመጨረሻው ግጥሚያ ብቻ ቀረን።

በዚያ ቀን አባቴ ሳይነግረኝ መጣ። የክት ኮቱን ለብሷል። ጨዋታው ሳይጀመር ቀጥ ብሎ ወደ ምሰሶው ሄደና ክንዱን አስደግፎ ከሥር ወደ ላይ ይለካ ጀመር። እጁ የማይደርስበትን በዓይኑ ጨረሰው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ኳስ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። አባቴ ተመልሶ ከዘይነባ አባት አጠገብ ተቀመጠና፣ "ይሄ አጥሯል። ማነው የሠራው?" አለ።

"ያንተን ክንድ ያልታደለ ሰው ነዋ" አሉት የዘይነባ አባት።

አሸነፍን። የመጨረሻዋን ኳስ ያገባሁት እኔ ነኝ። ሰው ሲያጨበጭብ አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገው፤ ለእሱ ይህ ብዙ ነው።

ሊመሻሽ ሲል ወደ ቤት ዳገቱን አብረን ወጣን።

"ያ አፈር ለጭቃው ነው ያልሽኝ?" አለኝ።

"አዎ አባባ።"

መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ባርኔጣውን አስተካከለ።

"ለከርሞ ትንሽ ጨምሩበት" አለ። "ጭቃው ይበረታል።"

ለከርሞ ማለቱን ሰምቼ ፊቴን ወደ ባሕር ዛፉ አዞርኩ። ስስቅ እንዲያየኝ አልፈለግሁም።

አሁን ጨርቅ በክንድ የሚለካ የለም፤ አባቴም ካለፈ ቆይቷል። ሔዋን የምትገዛው ሹራብ ሁሉ እጅጌው ያጥራታል። ፋብሪካው አሳጥሮ ነው የሚሠራው ብላ ትማረራለች፤ እኔ ግን ያ ክንድ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ቅዳሜ ዕለት ቡድኗ አሸንፎ ሰው ሲበተን፣ ላብ በላብ ሆና ቀለበቱ ሥር አቆመችኝ።

"እንዴት ነው ሜዳችን፣ እማማ?" አለችኝ።

"ጥሩ ነው" አልኳት። "ቀለበቱ ብቻ ትንሽ አጥሯል።"