አሥራ አራተኛው ስም

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሌንሴ የቤት ሥራዋን እየጻፈች ሳለ ኮምፒውተሯ ስታክ አደረገ። ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊት የሚሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነች፤ የደረቀውን ፕሮግራም መርጣ ዘጋችና መልሳ ከፈተችው። ጽሑፏ እንዳለ ነው። የጓደኛዋ ኮምፒውተር ሌላ ዓይነት ስለሆነ እሱን የሚያስለቅቁት ኮማንድ፣ ኦፕሽንና ኤስኬፕ መሆናቸውን ልታስረዳኝ ሞከረች። እኔ ግን መስማት ትቼ ነበር።

በደርግ መጨረሻ ዓመታት ነቀምቴ ውስጥ በአንድ የእርሻ ፕሮጀክት ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። ኮምፒውተር ያለው ቢሮ በጣት የሚቆጠር ስለነበር ትንሽ እኮራ ነበር፣ አልዋሽም። ያሠለጠነኝ ባለሙያ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ «ድርቅ ካለብሽ ሦስቱን ቁልፎች ተጫኚ፣ ይነቃል» አለኝ። የዚያ ዘመን ማሽን እንደ አዲስ ሲነሣ ጽሑፉን እንደሚያጠፋ ግን ወይ አልነገረኝም፣ ወይ አልሰማሁትም።

ክረምት ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰው ካልጮኸ አይሰማም። ኃላፊያችን አቶ መርጋ፣ ለሥራው ስለሚያስፈልጉ ከብሔራዊ ውትድርና እንዲቀሩ የሚጠየቅላቸውን የአሥራ አራት ሠራተኞች ስም በእጃቸው ጽፈው ሰጡኝ። ተየብኩና፣ በቢሮው ደንብ መሠረት፣ ረቂቁን በረንዳው ላይ ባለው ጣሳ ውስጥ አቃጠልኩ። በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ነገር ያው ወረቀት ላይ ነው፤ ያ ልማድ ገና አልለቀቀኝም ነበር። ላትም ስመለስ ማሽኑ ደርቋል። ሦስቱን ቁልፎች ተጫንኩ። ነቃ፤ ከዝርዝሩ ግን አንድ ፊደል አልነበረም።

«አልጨረስሽም እንዴ? ደብዳቤውን የሚወስደው መኪና ሊሄድ ነው!» አሉ አቶ መርጋ ከደጅ።

«ጠፋብኝ» ብል አሻጥር ይባላል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ አሻጥር ያሳስራል። ስለዚህ ከጭንቅላቴ ጻፍኩት። በየቀኑ የማያቸው፣ የሚቀልዱብኝ፣ ሻይ የሚጋብዙኝ ሁሉ ቶሎ ቶሎ መጡልኝ። አቶ መርጋ ሳይቆጥሩ ፈረሙ።

ሳልጽፈው የቀረው አሥራ አራተኛው ቶሎሳ ነበር፤ ሲሬ ያለው የዘር መጋዘናችን ጠባቂ። ቢሮ የሚመጣው በወር አንዴ ነው፣ ሲመጣም ዝምተኛ ነው። በሳምንቱ ከመጋዘኑ በር ላይ ለውትድርና ወሰዱት።

እናቱ ከሲሬ በአውቶቡስ መጡ፤ የተቀቀለ አንጮቴ፣ ያን የወለጋ ሥራ ሥር፣ በቅርጫት ይዘውልኝ።

«አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ እንዴት ነሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «የቶሎሳ ስም ወረቀቱ ላይ አለ ብለውን ነበር። የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉ። የት ሄደ?»

አቶ መርጋ በተከፈተው በራቸው ያዩናል።

«አዴ፣ እናቴ፣ እኔ የተሰጠኝን ነው የጻፍኩት» አልኳቸው።

ሴትየዋ ዞር ብለው አቶ መርጋን ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። አቶ መርጋ ስንት ስም እንደሰጡኝ ያውቃሉ፤ ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። ለእኔ አዝነው ይሁን ሳይቆጥሩ በመፈረማቸው አፍረው እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቲቱ አንጮቴውን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውት ሄዱ።

ቶሎሳ አልተመለሰም። ሲሬ ውስጥ «ልጁን ያስወሰዱት አቶ መርጋ ናቸው» እየተባለ ኖረ፤ ሰውዬውም ይህንኑ ተሸክመው ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ እንኳ እውነቱን አልተናገርኩም። ፈሪ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ።

እሑድ ዕለት፣ ሌንሴ ሥራዋን ስትቀጥል፣ የእነዚያን አሥራ አራት ሰዎች ስም በጣቴ ልቆጥር ሞከርኩ። ዕድሜ ነው፣ ከስድስት አላለፍኩም። የጀመርኩት በቶሎሳ ነበር።