ዝቅ ያለው መስኮት

ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ቤት ማሳመርን ሙያዬ ብሎ የያዘ የመጀመሪያው ሰው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የዱሮ ሰው ሁሉ እኔን ይጠራል። መምህር አልነበረኝም፤ ያስተማረኝ ዓይኔ ነው። አንድ ክፍል ገብቼ ልቀመጥ እንጂ፣ ምን እንደጎደለው ሻይ ሳይቀርብ አውቃለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን የሙኒራ ለቅሶ ላይ፣ በወጣትነቴ ባሳመርኩት ሳሎን ፍራሽ ላይ ተቀምጬ አንገቴን ደፋሁ።

ቤቱ የአባቷ የሐጂ ሸምሱ ነበር። ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ሳሎናቸውን እንዳሳምር ሲጠሩኝ ጺሜ ገና እያቀመቀመ ነበር። ክፍሉ በቀትር እንኳ መብራት ይፈልጋል። ሙኒራ ሻይ ስታቀርብልኝ፣ "ጥልፍ የምጠልፈው በር ላይ ወጥቼ ነው" አለችኝ። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ዝቅ ያለ መስኮት አስከፈትኩ፤ ብርሃኑ የተቀመጠ ሰው ጭን ላይ እንዲወድቅ። ግንበኛው "ለዶሮ ነው እንዴ?" እያለ ሳቀብኝ። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ግን ሙኒራ ጥልፏን ይዛ እዚያው ተቀመጠች። የቀረችኝን ትንሽ ሥራ እንዴት እንዳስረዘምኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ክረምቱ ሲገባ ሽማግሌ ላክሁ። ማዞሪያው ላይ ከአንድ ኪዮስክ ጣሪያ ሥር ተጠልዬ ጠበቅሁ። የገዛሁት ሳምቡሳ እጄ ላይ ቀዝቅዞ ሳለ አጎቴ ኑሪ በጭቃው እየተንሸራተተ መጣ።

"ምን አሉ?"

"'ሙያው ምንድን ነው?' አሉን። 'የተቀመጡበትን ሳሎን ያሳመረው እሱ ነው' አልኳቸው፤ ይጠቅምሃል ብዬ።"

"እሺ?"

"'አሳምሯል፣ እጁ ይባረክ። ግን ግድግዳዬን ለቀባ ሁሉ ልጄን ልስጥ? የሙያ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ' አሉ።"

በማግስቱ የሙያ ፈቃድ ወደሚሰጥበት ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው የሙያዎቹን ዝርዝር አገላብጦ፣ "አናጺ አለ፤ ቀለም ቀቢ አለ። ያንተ ግን የለም" አለኝ።

"ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?"

"እንጃ ወንድሜ። ቀለም ቀቢ ልበልህ?"

እምቢ አልኩ። ዛሬም ቢሆን እምቢ እላለሁ። አደይ ሲፈነዳ ሙኒራን ዲፕሎማ ላለው ፋርማሲስት ዳሯት። አባቷ ካለፉ በኋላ ከነባሏ ተመልሳ የኖረችው እዚያው ቤት ነው።

ለቅሶው ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ልጇ ነበር። በዚሁ በእኔ ሙያ ዲግሪ አለው፤ ፈቃድም አለው። ዛሬ ሙያው ስም አግኝቷል።

"አባባ፣ ያን መስኮት አዩት?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከልኩ በታች ነው የተሠራው። ቤቱን ሳድስ ልድፈነው ብላት እማዬ በጄ አላለችም። 'ባለሙያ የሠራውን አትንካ' ትለኝ ነበር።"

"ማን እንደሆነ ነገረችህ?"

"ኧረ አልነገረችኝም።"

እኔም አልነገርኩትም።

እንግዲህ በዕድሜዬ ብዙ ሠርቻለሁ። ቤቴል ውስጥ ካፌዎችን አሳምሬያለሁ። ቀራንዮ ውስጥ ስንት ሙሽራ የገባችበት ቤት የእኔ እጅ አለበት። ከእኔ ሥር ሠርተው የወጡ ልጆች ዛሬ ጌቶች ሆነዋል። አንዲት ሴት ደግሞ ወደ በር ሳትወጣ፣ ብርሃኑ ጭኗ ላይ እየወረደላት፣ እስከ ዕድሜዋ ማብቂያ ጥልፏን ጠልፋለች።