የመለማመጃ ክፍሉ ጆሮ

በጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች «ጋሽ ጆሮ» ሲሏቸው መቆጣት ቀርቶ ደስ ይላቸው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የመለማመጃ ክፍሉ አስተማሪ ናቸው። ሃያ ተማሪ በሃያ የፕላስቲክ ጭንቅላት ላይ መሰርሰሪያ ሲያስጮህ፣ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ሰሌዳ ላይ እየጻፉ «ሰባተኛ፣ አትጫን» ይላሉ። ሰባተኛው ተጭኖ ይገኛል። ጆሮውን በጥጥ የደፈነ ተማሪ ካዩ ደግሞ አለቀለት፤ መሣሪያውን ያልሰማ ጥርስ ይፈጃል ባይ ናቸው።

ታዲያ ካለፈው ዓመት ወዲህ ሰባተኛውም አሥራ ሁለተኛውም አንድ ዓይነት ጉምጉምታ ሆነባቸው። ቀጭኑ ድምፅ ጠፋ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። በዚያው ሰሞን የቀድሞ ተማሪያቸው ረዳት አስተማሪ ሆና መጣች። ጣቶቿን በየጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጣል እያደረገች፣ አቧራ እንደምትፈትሽ እመቤት ትንጎራደዳለች። ዞር ብላ እንኳ ሳታይ «አትጫኚ፣ እህቴ» ስትል ልክ ናት። ተማሪው «አዲሷ ጆሮ» ብሎ እንደሰየማት ለጋሼ የነገረቻቸው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት።

ባጎረስኩ ተነከስኩ አሉ። ሰላምታዋን በግማሽ አፍ ይመልሱ ጀመር። ቤታቸው ገብተው ባለቤታቸው ስለ ልጆቹ ስታወራ፣ እሳቸው ስለዚያች ልጅ አረማመድ ያወራሉ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ቀን አስተዳደሩ የአስተማሪዎች ሁሉ ጆሮ ይመርመር አለ። የወደቀ መለማመጃ ክፍሉን ይለቃል። ጋሼ መስታወት ባላት ጠባብ ክፍል ተቀምጠው ማዳመጫውን አጠለቁ፤ ድምፅ ሲሰሙ ቁልፍ መጫን ነው። ወፍራም ወፍራሙን ሰሙ። ቀጭኑ ላይ ሲደርስ ጭር አለባቸው። ነገር ግን ከመስታወቱ ማዶ የምትመረምራቸው ነርስ ድምፅ በለቀቀች ቁጥር ክንዷ ነቅነቅ ይላል። ክንዷን እያዩ ተጫኑና አንደኛ ሆነው አለፉ።

ልጅቷ ወደቀች።

ማፈር ነበረባቸው፤ አላፈሩም። እንዲያውም ሌሊቱን ጥሩ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በማግሥቱ መሳቢያዋን ስታራግፍ አገኟትና፣ የሚያጽናኑ መስለው፣ ሲከነክናቸው የከረመውን ጠየቁ፤ ሳትሰማ እንዴት ታውቅ ነበር?

«በጣቴ ነዋ፣ ጋሼ። ሲጫኑ ጠረጴዛው ይነዝራል። ቀጭኑ ድምፅ ከጠፋኝ ሦስት ዓመቴ ነው። ተማሪዎ ሳለሁ ጥጤን አስወጥተውኝ የለ?» አለች። ቂም የለበትም፤ እንደ ዋዛ ነው የተናገረችው።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቢሆንም፣ ትንሽ ዘዴ...»

«የነርሷን ክንድ ነው? አይቼዋለሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እኔ ካልወደቅኩ ጩኸቱ ጆሮ እንደሚያጠፋ አስተዳደሩ በምን ያውቃል? ለነዚህ ልጆችስ ማን የጆሮ መድፈኛ ይገዛላቸዋል?»

ክፍሉ የሳቸው ብቻ ሆነ። ጀርባቸውን ሰጥተው ሰሌዳው ፊት ቆሙ፤ ሃያውም ይሰረስራል፤ ማን እንደተጫነ አላወቁም። አሁንም ቀኑባት፤ ያውም ከበፊቱ ይልቅ።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ዘንድ ሄደው እንደገና መርምሪኝ አሏት። ማዳመጫውን አጠለቁ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወፍራሙን ሰምተው ተጫኑ። ከዚያ ቁልፉን እንደያዙ ቀጭኑን ጠበቁ። ነርሷ በሩን ከፍታ ትከሻቸውን እስክትነካቸው ድረስ ምርመራው ማለቁን አላወቁም።