ፈረሱ ነው የዞረው

ልጄ እንጅባራ አስተማሪ ናት። አንድ ቀን ደውላ፣ «አባዬ፣ ቅዳሜና እሁድን እኔ ጋ ይምጡ፤ ይዝናናሉ» አለችኝ። እኔ ተዝናንቼ አላውቅም። ሰው ይዝናኑ ሲለኝ አንድ ነገር ሊያስፈርመኝ ይመስለኛል። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሳላነብ አልፈርምም።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አልኳት።

«እንዲያዩልኝ የምፈልገው ሰው አለ። ካልወደዱት ይቀራል» አለች።

ቃሏን ታከብራለች። ካልወደድኩት በእርግጥ ይቀራል። እኔም ከዳንግላ ሚኒባስ ስሳፈር ላለመውደድ ተዘጋጅቼ ነበር።

ሁለቱም መናኸሪያ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። ልጁ ረጅም ነው። ቀን ቢሮ ይሠራል፣ በትርፍ ጊዜው ቲያትር ይጫወታል። ገና ምንም ሳልፈቅድለት «አባባ» አለኝ። ባጃጅ ይዘን ዘንገና ሐይቅ ሄድን። ሰው ሐይቁን ከቦ ፎቶ ይነሳል።

«እንዴት ነው አባባ፣ አያምርም?»

«ውሃ ነው።»

«ጥልቀቱ አይጣል ነው ይባላል።»

«ገብተህበታል?»

«ኧረ አልገባሁም!»

«እንግዲያው አታውቅም።»

ልጄ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አንድ ገበሬ ፈረስ እየሳበ በአጠገባችን ሲያልፍ፣ «ፈረስስ ትችላለህ?» አልኩት።

«እችላለሁ እንጂ አባባ» አለ፣ ከፈረሱ እየሸሸ።

ከሰዓት በኋላ ቲያትሩን ልናይ አዳራሽ ሄድን። በር ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አነበብኩ፣ ማጨስ ክልክል ነው የሚለውን ጭምር። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ።

«አባዬ፣ ይግቡ እንጂ!»

«ልጨርስ።»

ልጁ የድሮ ባላባት ሆኖ ነው የሚጫወተው። እጮኛውን ሌላ ሰው ሊያገባት ነው ሲባል ፈረሱን አስጭኖ ሊያስጥላት ይነሳል። ፈረሱ ከቀርከሃ የተሠራ ነው፤ ብርድ ልብስ አልብሰውት ሁለት ጎረምሶች ከውስጥ ሆነው ያስኬዱታል። እስከዚህ ድረስ ታግሻለሁ። ኮርቻው ግን የኋላው ወደ ፊት ዞሮ ተጭኗል። አዊ ውስጥ ሕዝብ ፊት ኮርቻ አዙሮ መጫን ቤተ ክርስቲያን ከነጫማ እንደ መግባት ነው። ባላባቱ ወጥቶ ተቀመጠበት። ተነሣሁ።

«ኮርቻው ዞሯል!»

«እውነታቸውን ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። «አውርዱት!» አለ ሌላው።

ልጁ ዞር አለ። ኮርቻውን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ በዚያው በባላባት ድምፁ፣ «አባቴ፣ ኮርቻውስ ደህና ነው፤ ፈረሱ ነው የዞረው!» ብሎ በአለንጋው ቸብ አደረገው። ውስጥ ያሉት ጎረምሶች ገባቸው መሰለኝ የኋሊት መሄድ ጀመሩ። ባላባቱ እጮኛውን ሊያስጥል በጭራው በኩል ጋልቦ ወጣ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች። እኔ አልሳቅሁም። ልጄ ጥርስዎን አይቻለሁ ትላለች። ጨለማ ነበር።

ያን ቀን ማታ አላናገረችኝም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጁ ምሳ ጋበዘን። የምግብ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የጠራሁትን ሁሉ የለም አሉኝ፤ ያለው ጥብስ ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ይጽፉታል? ጥብሱ መጣ። ልጄ እጇን ሳትዘረጋ ተቀመጠች።

«ኮርቻውን የጫነው ማነው?» አልኩት ልጁን።

በጎረምሶቹ ማሳበብ ይችል ነበር።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«እችላለሁ አላልከኝም?»

«ዋሽቼ ነው። ፈረስ እፈራለሁ። ልጅ ሆኜ ረግጦኛል።»

«የቱ ጋ?»

«አባዬ!» አለች ልጄ።

«ጠየቅሁ እንጂ ምን አልኩ?»

ልጁ ሳቀ፤ ከሥጋውም ለስላሳውን መርጦ ወደ እኔ በኩል ገፋልኝ። እኔ ወንድሜን ሠርግ ላይ አንድ ቃል ተናግሬው፣ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያየኝ ተሻግሮ ይሄዳል። ይህኛውን አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አዋርጄው ጥብስ ይመርጥልኛል። ልጄ ደግሞ ቁጣዋን የወረሰችው ከእኔ ነው። ከእሷ ጋር የሚኖር ሰው ስትዞር አብሮ መዞር ካልቻለ ዓመትም አይቆይም። እናቷ ከእኔ ጋር ትችልበት ነበር። ይህንን ለእናቷ ነግሬያት አላውቅም።

ታጥቤ ተመለስኩና፣ «ሽማግሌ የላክህ እንደሆነ፣ ዳንግላ ሲደርሱ ከመናኸሪያው ጋሪ ይያዙ» አልኩት። «በፈረስ እንዳትሞክሩት።»

ልጄ ትሪውን ወደ ራሷ ሳበችና መብላት ጀመረች። ጥብሱ በርዶ ነበር። አልነገርኳትም።