አዎ ያልኩት በትንፋሽ ነበር

የዚያን ዕለት ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ባለው ጤና ጣቢያ፣ በምርመራው ክፍል ውስጥ እኔ፣ ያቀፍኳት ልጄ፣ አማቴ፣ አስተርጓሚ የሆነልን ድሬሰርና አገራችን ከገባ ገና ብዙ ያልቆየ ቡልጋሪያዊ ዶክተር ነበርን። ልጄን ሳል ከያዛት ሰንብቷል። እኔ ስታስነጥስ እንኳ የምደነግጥ ሰው ነኝ፤ ሆስፒታል ትተኛ ይሉኛል ብዬ ፈርቻለሁ።

ዶክተሩ በድሬሰሩ በኩል ሌሊት ያስላታል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንደ አገራችን ሰው አፌን ከፈት አድርጌ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ። አዎ ማለቴ ነው። ትበላለች ወይ አለ፤ አሁንም ሳብ አደረግሁ። ይሄኔ ልጄን ትቶ ማዳመጫውን እኔ ጀርባ ላይ ለጠፈው።

ድሬሰሩ ግራ ገብቶት፣ «አስም ያለባት እናትየዋ ናት ይላል» አለኝ።

ዶክተር ካለ አይቀርም ብዬ የእውነት ትንፋሽ አጠረኝ።

«ኧረ አዎ እያለችው ነው» አሉ አማቴ። «እነሱ አገር ሰው አዎ ሲል አይተነፍስም?»

ድሬሰሩ ሳቁን እየዋጠ አስረዳው። ዶክተሩ ወደ ልጄ ተመልሶ ደረቷን ብዙ አዳመጠ። ሲጨርስ ትድናለች ወይ ብለህ ጠይቅልኝ አልኩት ድሬሰሩን። ዶክተሩ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።

እኔ መሬት ቁጭ አልኩ። አማቴ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ለልቅሶ ተሰናዱ። ዶክተሩ ሊያጽናናን ፈገግ ብሎ የባሰውን ወዘወዘ።

«ደግሞ ይስቅብናል» አሉ አማቴ።

ድሬሰሩ እንደገና ጠይቆት ወደ እኔ ዞረ። «ተነሺ እቴ። እነሱ ዘንድ ራስ መወዝወዝ አዎ ማለት ነው አሉ። ትድናለች ነው የሚልሽ። ሽሮፕ ይዘሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

አማቴ ነጠላቸውን እየፈቱ፣ ልቅሶውን ሳይጀምሩ በመቅረታቸው ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ሽሮፑ ሲያልቅ ተመልሰን ሄድን። ዶክተሩ የእኛን አዎ ተለማምዶ ጠበቀን። ድናለች ወይ ስለው ትንፋሹን እንዲያ አድርጎ ሲስበው፣ ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሰው ታነቀ ብለው በሩን ከፈቱ። አማቴም ደስ እንዲለው ብለው ራሳቸውን ወዘወዙለት።

ልጄ ዛሬ ራሷ እናት ናት። ዶክተሩን ግን ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር አዛወሩት ከተባለ ወዲህ ስለ እሱ የሰማሁት የለም። የምታውቁት ካላችሁ፣ ደህና መሆኑን ብቻ ንገሩኝ።