የሚያፏጨው ፓወር ሰፕላይ

እህትየው ኮምፒውተር ትጠግናለች፣ ወንድምየው ይሸጣል፤ ሱቁ የጋራቸው ነው። ያን ቀን ታላቅ ወንድሟ ለኮምፒውተር ኤሌክትሪክ የሚመግብ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ከነካርቶኑ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረና፣ «ቶሎ ግጠሚው፣ አክስቴ ኮምፒውተሯን ልትወስድ እየመጣች ነው» አላት። አክስታቸው ዓይነ ስውር ናት፤ ኮምፒውተሩ እያነበበላት በጆሮዋ ትሠራለች።

እህትየው ግን አዲስም ይሁን አሮጌ ሳትፈትን አትገጥምም። መሞከሪያው ኮምፒውተር ላይ ሰካችውና ከባድ ሥራ ጫነችበት። መጀመሪያ እንደ ትንኝ ጢዝ አለ፤ ቀጥሎ አፏጨ፤ በመጨረሻም ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታት።

«ይሄማ አይሆንም» አለችው።

«አዲስ እኮ ነው! ትንሽ ቢጮህ ምን አለበት? አክስቴ እንደሆነች አፍ አውጥታ አትናገርም።»

ደሟ ፈላ። «በጆሮዋ ለምትሠራ ሴት የሚያፏጭ ዕቃ? ቢጨስስ በምን ታየዋለች? በል፣ ደህና ከሆነ ያንተ ኮምፒውተር ላይ ልግጠመው!»

ነቅላው ወደ እሱ ጠረጴዛ ስትሄድ ወንድምየው ዘሎ መንገዷ ላይ ተገተረ። «ተይ እንጂ! ሥራዬ ሁሉ እዚህ ላይ ነው!»

«የሷስ? የሷ ሥራ አይደለም?»

ይህን ብላ ለሌላ ሰው እንዳይሸጠው መቁረጫዋን አንስታ የፓወር ሰፕላዩን ገመዶች ቀነጣጠሰቻቸው።

«አበድሽ እንዴ!»

«አዎ፣ አብጃለሁ!»

ከራሷ ኮምፒውተር ደህናውን ፓወር ሰፕላይ ፈትታ ለአክስቷ ገጠመችላት። አክስቷ መጥታ፣ አዳምጣ፣ መርቃት ሄደች። ንዴቷ ግን አልበረደም፤ ሱቁ እስኪዘጋ ወንድሟን ቀና ብላ አላየችውም።