ሦስተኛው ድምፅ

«አትንካው አልኩህ! ሦስተኛውን ትንሽ ከፍ ካደረግከው አራቱን ይበላቸዋል።»

«ይብላቸው። ከግጥሜ ጋር የሚሄደው እሱ ነው።»

«እንግዲያው ግጥምህን ብቻህን አንብብ። ስድስት ወር የለፋሁት ላንተ ጉሮሮ ነው እንዴ?»

ጓደኛዬ መበየጃውን ጡብ ላይ አስደግፎ ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። ከጠዋት የጀመርነው ጭቅጭቅ ቀትር ደርሷል። አሶሳ ገበያ ዳር ያለችው የሬዲዮ መጠገኛ ሱቁ ጣሪያዋም ግድግዳዋም ቆርቆሮ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ሰውም እርሳስም የሚቀልጥባት ናት። ሁለታችንም ደክሞናል፤ ግን ማናችንም ቀድመን መድከማችንን ማመን አልፈለግንም።

በመካከላችን ባለው ጣውላ ላይ አምስት ሰርኪቶች ተደርድረዋል። ከሞቱ ሬዲዮዎች ትራንዚስተርና ኮንደንሰር እየነቀለ የሠራቸው ናቸው። እያንዳንዱ የቆርቆሮ ቁልፉ ሲጫን አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ሌላ አያውቅም። አምስቱም በአንድ ስፒከር ይወጣሉ።

የሠራው ለአጎቱ ነው። አጎቱ በበርታ መንደራቸው የዙምባራ ነፊዎች መሪ ነበሩ። ዙምባራ ከቅል የሚሠራ ረጅም መንፊያ ነው፤ አንዱ ቅል አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ ነፊው ተራውን ጠብቆ ይነፋል፣ ዜማው የሚገኘው ከሁሉም ነው። መንግሥት በተለወጠበት ጦርነት ጊዜ ነፊዎቹ ተበተኑ። ገሚሶቹ ወደ ሱዳን ተሻግረው ቀሩ። ከአጎቱ ጋር የቀረው አንድ ነፊ ብቻ ነው፤ በሁለት ቅል ደግሞ ዜማ የለም። ጓደኛዬ ቃሉን ሰጥቷል። አጎቱ ሰምተው «ዜማችን ነው» ካሉ ሰርኪቶቹን በአዲሱ ክልል ምሥረታ በዓል ላይ ያሰማቸዋል፤ ካላሉ ነቃቅሎ ወደ ሬዲዮዎቹ ይመልሳቸዋል። እኔም በዚያ ዜማ ላይ ግጥም ላነብ ነበር።

ፈተናው ድምፁን ማስተካከል ነበር። መጀመሪያ የአንዱን ሰርኪት ቮልዩም ዝቅ ስናደርግ ሌሎቹም አብረው ይሞቱ ነበር፤ በእያንዳንዳቸው መውጫ ላይ ሬዚስተር ጨምሮ ለያያቸው። ከዚያ ሁሉንም እኩል ብናዞራቸውም እኩል አልተሰሙም። ቀጭኑ ጆሮ ይወጋል፤ ወፍራሙ በዚያች ትንሽ ስፒከር ውስጥ ሳል ያህል እንኳ አይሆንም። ስለዚህ ዓይናችንን ጨፍነን በጆሮ ብቻ፣ አንዴ እኔ አንዴ እሱ በር ድረስ እየራቅን፣ ሦስት ቀን አስተካከልን። ልኩን ሲያገኝ በእያንዳንዱ ቮልዩም አጠገብ በሚስማር ምልክት ጫረ።

ጭቅጭቁን ትቶ «አሁን አጎቴን ላምጣ» አለና ወጣ።

ብቻዬን ቀረሁ። በሥራ ቀናት ከአዲሱ ክልል መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ቀኑን ሙሉ የሰው ደብዳቤ በእጄ እገለብጥ ነበር። ከወሎ በሰፈራ የመጡት ወላጆቼ ግጥም መጻፌን እንደ ወባ ነበር የሚያዩት፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከስንኞቼ አንዱን እንኳ ሰው ቆሞ ሰምቶልኝ አያውቅም። በሦስተኛው ድምፅ ላይ ሳነብ ግን ድምፄ የሌላ፣ የሚከበር ሰው ድምፅ ይመስለኝ ነበር። ቮልዩሙን ከጭረቱ የጥፍር ስፋት ያህል አሳለፍኩት።

አጎቱ መጡና የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጡ፤ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መካከል ያዙ። ጓደኛዬ ቁልፎቹን በተራ መጫን ጀመረ። የሽማግሌው ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ እግራቸውም መሬቱን መታ መታ አደረገ። ከዚያ እግራቸው ቆመ።

«ይሄ ማነው?»

«የቱ፣ አባባ?»

«መሀል ያለው። ሰርግ ቤት እንደሰከረ ሰው የሚጮኸው።»

ጓደኛዬ ወደ ጭረቱ አየ። ቀጥሎ ወደ እኔ።

«እኔ ነኝ ከፍ ያደረግኩት፣ አባባ» አልኩ።

«ወላሂ! እኔ ደግሞ ማሽን ነው የሚሠራው ብለውኝ ነው የመጣሁ። ለካ ሰው አለበት!» ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ወደ ደጅ ጠቆሙ። «እኛ ዘንድ ጎረቤቱን የማይሰማ ነፊ ከመሀል ይወጣል። ውጭ ቆሞ ያዳምጣል።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪሰማው። አንዱ ሁለት ክረምት ቆሟል።»

«ዜማውስ?» አለ ጓደኛዬ። «ዜማውስ፣ አባባ?»

«ዜማው የኛ ነው። ትርፍ የሆነበት ይሄ ልጅ ነው» አሉ፣ በምርኩዛቸው እኔን እያሳዩ።

ጓደኛዬ ጭንቅላቱን ጣውላው ላይ ሊደፋ ደረሰ። ደስታ ይሁን ድካም አልለየሁትም። ቮልዩሙን ወደ ጭረቱ መለሰና «ከመጀመሪያው ልጀምርልዎት?» አላቸው። እኔን አላየኝም። ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ግን ያን ሰዓት አፌን ብከፍት እሱም ሌላ ጩኸት ይሆን ነበር።

የግጥሜን ወረቀት አጥፌ፣ ውጭ ቆሜ ላዳምጥ ወጣሁ። የገበያው ጫጫታ እንዳይገባባቸው ጓደኛዬ ከኋላዬ የቆርቆሮውን በር ገፍቶ ዘጋው።